ስለ ሶሴጅ ሮልና ስለ አሠራሩ

በእንግሊዝ አገር የልደት፣ የክርስትና ወይም የገና ግብዣ በሚደረግበት ቤት፣ ሌላው መብል ቢበዛም ቢያንስም፣ ከማዕዱ ብዙ ጊዜ የማይታጣ አንድ ትንሽ ምግብ አለ፤ ይኸውም የተፈጨና የተቀመመ ሥጋ በሥሥ ሊጥ ተጠቅልሎ የሚጋገርበት፣ ሶሴጅ ሮል የሚባለው ነው። በአውስትራሊያና በኒውዚላንድም በሕፃናት ልደት ከቲማቲም ካቻፕ ጋር ይቀርባል። ሳምቡሳን ለሚያውቅ አንባቢ ዝምድናው ፈጥኖ ይገለጥለታል፤ ነገር ግን ሳምቡሳ በፈላ ዘይት ሲጠበስ፣ ይህኛው በምድጃ ደረቅ ሙቀት ይበስላል፤ የጥበቡም ሥር ከእሳቱ ይልቅ ከእሳቱ በፊት ባለው ቅዝቃዜ ላይ ነው።

ፓፍ ፔስትሪ የሚባለው ሊጥ የሚዘጋጀው፣ ዱቄት በቀዝቃዛ ውኃና በጨው ተለውሶ ከተዳመጠ በኋላ፣ በመካከሉ የቀዘቀዘ ቅቤ ተደርጎበት በሦስት እየታጠፈ እንደ ገና ሲዳመጥ ነው፤ ይህም 6 ጊዜ ቢደጋገም ቅቤው 729 ሥሥ ንጣፍ ይሆናል። በየጊዜው መካከል ግን ሊጡ ግማሽ ሰዓት ያህል በማቀዝቀዣ ማረፍ ይገባዋል፤ ያላረፈ ሊጥ መዳመጫውን እየታገለ ይሸሻልና፣ የሞቀ ቅቤም ቀልጦ ከዱቄቱ ጋር ይደባለቃልና። ሊጥና ቅቤ ተጎራብተው ያለ ቱሳሔ የቆዩ እንደ ሆነ፣ ምድጃ ውስጥ በገቡ ጊዜ በውስጣቸው ያለው ውኃ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ንጣፎቹን አንዱን ከአንዱ ያነሣቸዋል፤ ሲነከስ የሚፈረፈረው ቅርፊት የሚገኘውም ከዚህ ነው። ይህን ሁሉ ለመሥራት ጊዜ የሌለው ሰው የተዳመጠውን ሊጥ ከሱቅ ቢገዛ አይነቀፍም።

በእንግሊዞች ዘንድ የተለመደው የአሳማ ሥጋ ነው። እርሱ በማይበላበት ቤት፣ ለምሳሌ በለንደን በሚኖሩ በብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችና እስላሞች ቤት፣ የበሬ ወይም የበግ ሥጋ ይተካዋል፤ ቀይ ሥጋ ብቻውን ስለሚደርቅ ግን ከአምስት እጅ አንዱ ጮማ ቢሆን ይመረጣል። ለግማሽ ኪሎ ሥጋ 60 ግራም የዳቦ ፍርፋሪ፣ አንድ እንቁላል፣ በስሎ የቀዘቀዘ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ጥቂት ገውዝና ጦስኝ፣ 8 ግራም ያህልም ጨው ይበቃል። ጨው ሥጋውን እርስ በርሱ ያያይዘዋል፤ ፍርፋሪው ደግሞ የሚቀልጠውን ስብ በመምጠጥ የሥረኛው ሊጥ እንዳይርስ ይጠብቀዋል። ቅመሙ መመጣጠኑን ለማወቅ ቁራሽ ሥጋ በመጥበሻ አብስሎ መቅመስ እንጂ ጥሬውን መቅመስ አይገባም።

ከዚህ በኋላ 375 ግራም የሚመዝነው ሊጥ በቁመቱ ለሁለት ተከፍሎ፣ ሥጋው በየመካከሉ ረዘም ተደርጎ ይጋደማል፤ ጠርዙም በእንቁላል ረጥቦ ይጠቀለላል፤ መጋጠሚያውም ወደ ታች ይደረጋል። እያንዳንዱ ጥቅል 12 ቦታ ሲቆረጥ 24 ትንንሽ ሶሴጅ ሮል ይገኛል። የእንቁላል አስኳል ተቀብተው፣ እንፋሎት መውጫ እንዲያገኝ ላያቸው በቢላዋ ጫፍ ተጭሮ፣ ግማሽ ሰዓት ዳግመኛ ይቀዘቅዛሉ፤ ከዚያም አስቀድሞ እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጋለ ምድጃ 25 ደቂቃ ያህል ይጋገራሉ። ምድጃው ለብ ያለ ቢሆን እንፋሎቱ ሳይነሣ ቅቤው ቀልጦ ይፈስሳል። የተፈጨ ሥጋም መብሰሉ የሚታመነው መካከሉ 71 ዲግሪ ሲደርስ ነው።

ለጾመኛ እንግዳም መላ አይጠፋም፤ በኒውካስል በ1939 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተመሠረተው ግሬግስ የተባለው ዳቦ ቤት፣ በ2019 ሥጋም እንቁላልም ወተትም የሌለበትን ሶሴጅ ሮል ለገበያ አቅርቦ በእንግሊዝ አገር ብዙ አነጋግሯል። በቤት ለሚሠራ ሰው ምስርና እንጉዳይ፣ በቅቤ ፈንታም በዘይት ቅባት የተሠራ ሊጥ ይበቃዋል።

እንግዲህ ቅዝቃዜ የሊጡ መነሣት ምክንያት እንደ ሆነ ሁሉ፣ የጋባዡም ዕረፍት ምክንያት ነው። ጥቅሎቹ በዋዜማው፣ ወይም ከሳምንታት በፊት፣ ተሠርተው ጥሬአቸውን በበረዶ ማቀዝቀዣ ሊቀመጡ ይችላሉና፣ በግብዣው ዕለት የሚቀረው ወደ ምድጃ ማስገባትና ጥቂት ደቂቃ መጨመር ብቻ ነው። እንግዳ ጠርቶ በማድ ቤት ታስሮ መዋል የብዙ ባለቤቶች ዕጣ ሆኖ ሳለ፣ ይህ ምግብ ድካሙን በቀደመው ቀን ስለሚጨርስ፣ ጋባዡን ከጋበዛቸው ጋር በአንድ ማዕድ ያስቀምጠዋል።