በርና ጉልበት

በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ አጠና ተራ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ የመጣው ከባሕር ዛፍ አጠና ነው። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ የብዙ ጭቃ ቤት ግድግዳ ከእሱ ይሠራል፤ በሩም ከእሱ ተገጥሞ ቆርቆሮ ይመታበታል። እንዲህ ያለው ተራ በር የሥራ መሣሪያ ነው ቢባል ማን ያምናል? ነገር ግን ነው።

እስቲ ሞክሩ። በራችሁን በእጀታው በኩል በአንድ ጣት ግፉት። ይከፈታል። አሁን ደግሞ ከማጠፊያው አራት ጣት ያህል ብቻ ርቃችሁ ግፉት። በአንድ ጣት እሺ አይልም፤ መዳፍ፣ አንዳንዴም ትከሻ ይፈልጋል። በሩ ያው በር ነው፤ ክብደቱ አልጨመረም። የተለወጠው ከማጠፊያው ያለው ርቀት ነው።

ከማሳው ድንጋይ በብረት ዘንግ የፈነቀለ ገበሬ ይህን ያውቀዋል። ዘንጉ በረዘመ ቁጥር ድንጋዩ ይቀላል። በርም እንደዚያ ዘንግ ነው፤ መደገፊያው ማጠፊያው ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ መፈንቅል ይባላል። ሕጉን የዛሬ 2200 ዓመት ገደማ አርኪሜደስ የሚባል የግሪክ ሊቅ በጽሑፍ አስረድቷል። ታዲያ በነፃ የሚገኝ ነገር የለም። በትንሽ ጉልበት የሚገፋ ሰው ረጅም መንገድ ይገፋል፤ ማጠፊያው አጠገብ ያለው እንጨት ግን ጥቂት ብቻ ይነቃነቃል።

ይኸው መፈንቅል ልጅ ያቆስላል። በማጠፊያው በኩል፣ በመዝጊያውና በመቃኑ መካከል ያለችውን ክፍተት ተመልከቱ። የበሩ ስፋት 80 ሳንቲሜትር ነው እንበል። አንድ ሰው ዳሩን በ5 ኪሎ ኃይል ቢገፋው፣ ከማጠፊያው 2 ሳንቲሜትር ላይ በገባች የሕፃን ጣት ላይ የሚያርፈው ኃይል 40 እጥፍ ነው። 200 ኪሎ፣ ሁለት ኩንታል እህል ማለት ነው! የሚዘጋው ሰው ምንም አይታወቀውም። "ምን ያዘው?" ብሎ ጨመር አድርጎ ይገፋል። ስለዚህ በር አልዘጋ ካላችሁ አትግፉት፤ አስቀድማችሁ ማጠፊያውን እዩ።

ሌባም መፈንቅል ያውቃል። ግማሽ ሜትር ብረት ይዞ፣ ጫፉን 2 ሳንቲሜትር ያህል ከጓጉንቸሩ መያዣ ሥር አስገብቶ በ20 ኪሎ ኃይል ቢጫነው፣ መያዣውን በ500 ኪሎ ኃይል ይነቅለዋል። ምስማር ይህን አይችልም፤ ልሙጥ ስለሆነ እንደገባ ይወጣል። ጥምዝ ያለው ቪቴ ይሻላል። ጥምዙ በዘንግ ላይ የተጠመጠመ ዳገት ነው፤ ተራራን እየዞሩ መውጣት እንደሚቀል ሁሉ፣ ቪቴም እየዞረ በትንሽ ጉልበት ይገባል፤ ከገባ በኋላ እንጨቱ በጥምዙ መካከል ስለሚይዘው ስቦ መንቀል ከባድ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን መዝጊያውን በስቶ አልፎ፣ በውስጥ በኩል በዳዶ የሚታሰር ብሎን ነው። ዋጋው ከምስማር ይበልጣል፤ ከተሰረቀ ንብረት ግን አይበልጥም።

ቁልፍን ስናዞርና በሩን ለማቆም ከሥሩ ሽብልቅ ስንሸጉጥም እንዲሁ በመሣሪያ እየተጠቀምን ነው። ሽብልቅን እንጨት የሚፈልጥ ሁሉ ያውቀዋልና አናራዝመው።

የበር መዝመም ግን ሳይነገር አይታለፍም። የበሩ ክብደት ራሱ እንደ መፈንቅል የላይኛውን ማጠፊያ ወደ ውጭ ይስባል፤ የታችኛውን ወደ መቃኑ ይጫናል። ለዚህ ነው ሁልጊዜ የላይኛው ቀድሞ የሚላቀቀው፤ ቪቴ የሚገኘው ጥቂት ብቻ ከሆነ ለእሱ ይሁን። በመዝጊያው ጀርባ የሚመታው ሰያፍ እንጨትም ከታችኛው ማጠፊያ ጥግ ተነሥቶ፣ በእጀታው በኩል ወዳለው የላይኛው ጥግ ይውጣ። እንዲህ ሲሆን ክብደቱን ተሸክሞ ወደ ታችኛው ማጠፊያ ያወርደዋል። በግልባጩ ከተመታ ግን ጭነቱ ሁሉ በምስማሮቹ ላይ ይንጠለጠላል፤ ክረምት ሳይወጣም በሩ መሬት መፋቅ ይጀምራል።