ሰብሳቢው ከየት ይጀምራል?

ለቦርድና ለባለሀብት የሚቀርብ ፕረዘንቴሽን ማዘጋጀት እንጀራዬ ነው። ጥሩ ሥራ ይዘው የመጡ ሰዎች በአቀራረብ ቅደም ተከተል ብቻ ባዶ እጃቸውን ሲወጡ ማየት ያንገበግበኛልና ከጓዳ የማየውን ሹክ ልበላችሁ።

የታተመው ቅጂ ሲታደል የቦርዱ ሰብሳቢ ከፊት አይጀምርም። ገጾቹን ገለጥ ገለጥ እያደረገ ቁጥር ይፈልጋል። ስንት ብር ነው የሚጠየቀው? መቼ ይመለሳል? አቅራቢው ግን ከድርጅቱ አመሠራረት ተነስቶ፣ ራዕይ፣ ተልዕኮና እሴቶችን ዘርዝሮ ገና መዋቅሩን እያሳየ ነው። «ወደ ዋናው ጉዳይ ብንገባ?» የሚል ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ወዲያ ያለው ጥድፊያ ነው፤ በጥድፊያ የተነገረ ቁጥር ደግሞ ማንንም አያሳምንም።

እኔ የምሠራው ፕረዘንቴሽን የሚጀምረው በሚጠየቀው ውሳኔ ነው። ለምሳሌ፦ «ለሁለተኛ ማሸጊያ ማሽን 12 ሚሊዮን ብር ይፈቀድልን፤ በሦስት ዓመት ወጪውን ይመልሳል»። ከሥሩ ምክንያቶቹ፣ ከየምክንያቱ ሥር ማስረጃው ይገባል። ባርባራ ሚንቶ ማኪንዚ በተባለው አማካሪ ድርጅት ሳለች ያዳበረችው የፒራሚድ አደረጃጀት ይኸው ነው፤ መልሱ ከላይ፣ ድጋፉ ከታች። ደንበኞቼ ይህ ድፍረት ይመስላቸዋል። በእኛ ዘንድ ሰላምታ ሳይቀድም ጉዳይ አይነገርም። ሰላምታው በቃል ይሁን፤ ስላይድ አይፈልግም።

ቅደም ተከተል የሚያስከፍለውን ዋጋ ለማየት ኮሎምቢያ የተባለችውን የናሳ የጠፈር መንኮራኩር አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2003 ስትነሳ ከነዳጅ ታንክ የተገነጠለ የአረፋ ቁራጭ ግራ ክንፏን መታው። የቦይንግ መሐንዲሶች ጉዳቱን ገምግመው ለናሳ ካቀረቧቸው ስላይዶች አንዱ ርዕሱ የሚያረጋጋ ነበር። ቁራጩ በሙከራ ከተፈተሹት በብዙ መቶ እጥፍ እንደሚበልጥ የሚያሳየው መረጃ ግን ከግርጌ፣ በትንንሽ ፊደላት ተቀብሯል። መንኮራኩሯ ፌብሩዋሪ 1 ቀን ስትመለስ ተበታትና ሰባቱም ጠፈርተኞች አለቁ። አደጋውን የፈጠረው ስላይዱ አይደለም፤ መርማሪው ቦርድ ግን በሪፖርቱ ለይቶ ተችቶታል። ስለዚህ ስጋቱን ራሳችሁ፣ ከላይ፣ በትልቁ ጻፉት። ለማሽኑ መግዣ ዶላር ቢጠፋ ግዢው ስንት ወር ይዘገያል? ሌላ ሰው ከመጠየቁ በፊት እናንተው ተናገሩት።

ርዕሶቻችሁንም ፈትሹ። «የገበያ ሁኔታ» ምንም አይልም፤ «ትዕዛዝ እያለን ማምረት አቅቶናል» ግን ይናገራል። ርዕሶቹን ብቻ በተርታ አንብቧቸው፤ ነገሩ ካልገባችሁ አደረጃጀቱ ገና ነው።

ሌላም ነገር አለ። በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ስላይድ ፊደሉ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት አማርኛው የላቲን ፊደላት ዝብርቅ ሊሆን ይችላል። በፒዲኤፍ አስቀምጡት። መብራት ሊጠፋ ይችላልና የታተመ ቅጂም ያዙ።

ትልቁ ሥራ ግን የሚያልቀው ከአዳራሹ ውጭ ነው። ቦርዱ ማክሰኞ የሚቀመጥ ከሆነ ቀድሞ ባለው ዓርብ የፋይናንስ ኃላፊውን ቢሯቸው ሄዳችሁ አግኟቸው፤ ቁጥሩን አሳይታችሁ «የቱ ጋ ይጎድለናል?» በሏቸው። ቁጥሩን መጀመሪያ ስብሰባ ላይ የሰማ የፋይናንስ ሰው «ይጠና» ከማለት ሌላ ምርጫ የለውም። እሳቸው ያረሙትን ስሌት ይዛችሁ ከገባችሁ ግን፣ ጥያቄ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚመልሱላችሁ እሳቸው ናቸው።