ንባብ ለከበደው ልጅ

ንባብ የከበደውን ልጅ ሰነፍ ብሎ መስደብ ዕውቀት አይጨምርለትም። የአብነት መምህራን ልጁን ከግዕዝ ንባብ ወደ ውርድ፣ ከውርድም ወደ ቁም ንባብ የሚያሳልፉት የፊተኛውን ሲያጠና ነው። ልጁ የደረሰበት ክፍልና የደረሰበት ንባብ ግን ዘወትር እኩል አይሄዱም።

እንግዲህ በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ላላችሁ ወላጆች አንድ መንገድ እናመልክታችሁ። አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባለው፣ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2014 ዓ.ም. ከደቡብ አፍሪካ የተከፈተው የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት፣ የአማርኛ ተረቶችንም ያለ ዋጋ ይሰጣል። መጻሕፍቱ በ5 ደረጃ ተለይተዋል፤ ከነጠላ ቃል ተነሥተው ወደ ዓረፍተ ነገር፣ ቀጥሎም ወደ አንቀጽ ይወጣሉ። የመጨረሻው ደረጃ ታላቅ ሲያነብ ልጅ የሚሰማው ነው።

ወላጅ ለገበያ ወደ ከተማ በወጣ ጊዜ፣ ኔትወርክ ባለበት ሁለት ሦስቱን በስልኩ አውርዶ ቢመለስ፣ ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌም ይነበባሉ። ምርጫው ግን በልጁ ንባብ ልክ ይሁን። በአንድ ገጽ ብዙ ቃል ካሰናከለው፣ አንድ ደረጃ ዝቅ ይበል፤ ይህም መውረድ ውርደት አይደለም። ያንኑ ተረት ደጋግሞ ሳይደናቀፍ ሲያነበው ወደሚቀጥለው ይለፍ።

ፊደል ያልቈጠረ ወላጅም ቢሆን፣ ማታ ማታ አጠገቡ ተቀምጦ ሊያዳምጠው ይችላል፤ ሰሚ ያገኘ ልጅ ለማንበብ ይተጋልና።