ኦቲዝም ያለበት ልጅ የት ይማር? ከጥሊሊ ሲታይ

ከቡሬ ወደ እንጅባራ የሚጓዝ መኪና የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳን መቀመጫ ጥሊሊን አልፎ ይሄዳል። ከጥሊሊ አዲስ አበባ ለመድረስ በአውቶቡስ ቀኑ ያልቃል። በአገራችን ስለ ኦቲዝም የተሠራውና የተጠናው አብዛኛው ነገር የሚገኘው ደግሞ እዚያው አዲስ አበባ ነው። እንግዲህ ሦስት ዓመት ሞልቶት ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ ከእኩዮቹ ተነጥሎ የጠርሙስ ክዳን ሲደረድር የሚውል ልጅ ያላት የጥሊሊ እናት ማንን ታማክር?

ኦቲዝም ከአእምሮ ዕድገት ጋር የተያያዘ፣ በንግግር፣ ከሰው ጋር በመግባባትና በባሕርይ የሚገለጥ ልዩነት ነው። ሊዮ ካነር የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ አሥራ አንድ ልጆች በጻፈው ጥናት ራሱን የቻለ ስም አገኘ። ከዚያ በኋላ በምዕራቡ ዓለም ለዓመታት ጥፋቱ ሁሉ በእናቶች ላይ ተደፋ፤ ለልጃቸው ፍቅር ስለነፈጉ ነው ተባለ። ይህን ክስ በ1964 በመጽሐፍ የሞገተው በርናርድ ሪምላንድ ራሱ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት ነበር። ዛሬ በዘር የሚወረሰው ነገር ትልቅ ድርሻ እንዳለው ይታወቃል። ክትባት ያመጣዋል ያለው የ1998ቱ ጽሑፍም ባወጣው መጽሔት በላንሴት በ2010 ተሰርዟል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ይገምታል።

ወቀሳው በእኛም አገር አለ፤ መልኩ ነው የሚለየው። እርግማን ነው፣ ዛር ነው፣ የወላጅ ኃጢአት ነው ይባላል። ደጀኔ ጥላሁንና የሥራ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙት ጥናት በአዲስ አበባ ሁለት ክሊኒኮች ኦቲዝም ወይም የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ግማሽ ያህሉ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናግረዋል። ይበልጥ ያስደነቀኝ ግን ምን እንደጎደላቸው ሲጠየቁ የመለሱት ነው፤ ከአራቱ ሦስቱ ገደማ የትምህርት ዕድል አሉ። ሕክምናና ገንዘብ ከዚያ በኋላ ነው የመጡት። ወላጆቹ ከሁሉ በፊት የፈለጉት ልጃቸው የሚማርበትን ቦታ ነው።

ያንን ቦታ በኢትዮጵያ መጀመሪያ ያበጁት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። ከረጅም የስደት ኑሮ በኋላ ወደ አገር ቤት ሲመለሱ በውበት ሙያ የታወቁ ነበሩ። ለልጃቸው ለጆጆ የሚሆን ትምህርት ቤት ሲያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን አቋቁመው ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። የፊደልን ድምፅ መነሻ አድርገው አፋቸውን ላልፈቱ ልጆች መናገርና ማንበብ የሚያስተምሩበትን ዘዴም አቡጊዳ ፎኔቲክስ ብለው ሰየሙት። እኔ ትልቁ ሥራቸው የምለው ልጃቸውን በአደባባይ ይዘው መታየታቸውን ነው፤ ብዙ እናቶች በር ዘግተው ያኖሩትን ልጅ ወደ ደጅ ያወጡት እሳቸውን አይተው ነው። ዘሚ እ.ኤ.አ. በ2021 አረፉ። ከጆይ በኋላ ወላጆች የመሠረቱት ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም በዚያው በአዲስ አበባ ይሠራል። የሁለቱም በር ሁሌም ተራ በሚጠብቅ ወላጅ እንደተጨናነቀ ነው።

በወረቀት ላይ መብቱ አለ። ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2006 የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ አወጣ፤ በ2012 አሻሻለው። ሐሳቡ አካቶ ትምህርት ነው፤ ልጁ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ከእኩዮቹ ጋር ይማር፣ በአቅራቢያው ያለ የድጋፍ ማዕከል መምህሩን ያግዝ ይላል። ጥሊሊ ያለችበት አዊ ዞን በእንጅባራ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅም ዩኒቨርሲቲም አለው። ከዚያ ተመርቆ ጥሊሊ የሚመደብ የአንደኛ ክፍል መምህር ኦቲዝምን በስም ከማወቅ አልፎ ለልጁ ምን እንደሚያደርግለት የተግባር ሥልጠና ማግኘት ይገባዋል። ማዕከል ከመገንባት ይህ ይቀላል፤ ፈጥኖም ይደርሳል።

ሌላው ተስፋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። በአገራችን ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ለእነዚህ ሠራተኞች አጭር ሥልጠና አዘጋጅተው ነበር፤ የሠለጠኑት ኦቲዝም ስላለባቸው ልጆች የነበራቸው የተሳሳተ አመለካከት ቀንሶ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የአሳዳጊዎች ክህሎት ሥልጠናም ለኢትዮጵያ ተስማምቶ ተሞክሯል። ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት አለው፤ የተዘጋጀው ከሁለት እስከ ዘጠኝ ዓመት ላሉ ልጆች ቤተሰብ ነው፤ የሚመራውም ስፔሻሊስት ባልሆነ ሰው ነው።

ሥልጠናው የሚያስተምረው ነገር በጥሊሊ ቤት ሁሉ ሊሠራ ይችላል። ልጁ ውሃ ሲፈልግ እጅሽን ይዞ ወደ እንስራው ከጎተተሽ፣ ከመቅዳትሽ በፊት ፊቱን እያየሽ "ውሃ" በይና ጥቂት ጠብቂ። ድምፅ ካወጣ ወይም በጣቱ ካመለከተ ወዲያው ስጪው። እጅ መታጠብን ከፋፍለሽ አስተምሪው፤ ዛሬ እጁን መዘርጋት ብቻ፣ ያንን ሲለምድ ሳሙናውን። የቡና ሥርዓት ደግሞ ለእንዲህ ያለው ልጅ የተሠራ ይመስለኛል፤ ሁልጊዜ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ቀጥሎ የሚመጣውን የሚያውቅ ልጅ ይረጋጋል፤ ስኒ ማቀራረቡ ወይም ቄጤማ መጎዝጎዙ የእሱ ሥራ ሊሆን ይችላል። ትምህርት ቤት ሲገባም ከደወሉ ራቅ ያለ ቦታ፣ የቀኑን ሥራ በተራ የሚያሳይ የሥዕል ወረቀትና አጭር ትእዛዝ ብዙ ይረዱታል። የየኔታ ትምህርት ቤት እያንዳንዱን ልጅ በራሱ ፍጥነት ፊደል ሲያስቆጥር፣ ትልቁንም ለትንሹ አስጠኚ ሲያደርግ ኖሯል። አካቶ ትምህርት የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ስለ ጸበል መናገር ግድ ነው። ወላጅ ልጁን ወደ ጸበል ቢወስድ አልነቅፍም፤ ማሰርና መግረፍ ግን ልጁን ይጎዳዋል፣ ፈውስ ሲጠበቅ የሚያልፈው ዓመትም አይመለስም። ጸበሉና ትምህርቱ አብረው ይሂዱ።

አዊን የሚመለከት አንድ ጉዳይ ቀርቷል፤ ቋንቋ። በዞኑ ብዙ ልጆች በቤት አገውኛ፣ በገበያ አማርኛ ይሰማሉ። ልጅ ሳይናገር ሲቀር "ሁለት ቋንቋ አምታቶት ነው፣ አንዱን ተዉት" የሚል ምክር ይሰጣል። ይህ ስህተት ነው። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ሁለት ቋንቋ መስማት ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ንግግር እንደማያዘገይ አሳይተዋል። እናት ልቧ በሚናገርበት ቋንቋ ታነጋግረው፤ አያቱም በአገውኛ ያጫውቱት።

ኦቲዝም በየዓመቱ መጋቢት 24 ቀን በዓለም ይታሰባል። የጥሊሊ ወላጆች ሆይ፣ ለእናንተ የሚያስፈልገው ቀን የትምህርት ቤት ምዝገባ ቀን ነው። ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ የሚወደውን፣ የሚያስፈራውን፣ በምን ምልክት እንደሚናገር ለመምህሩ ንገሩት። መምህሩም ስሙን መዝገቡ ላይ ይጻፍለት።