የቶምቦላ ትራክተር ስንት ያወጣል?

ሐዋሳ ላይ አንድ ሰው በ100 ብር ትኬት አሮጌ ማሴ ፈርጉሰን ትራክተር ደረሰው እንበል። ጎረቤት እንኳን ደስ ያለህ ይለዋል፤ ዘመድ ይደውላል። በማግሥቱ ግን ሐሳብ ይገባዋል፦ ግብሩ ከየት ይከፈላል? ትራክተሩ የት ያርሳል? ቢሰበርስ? ብዙዎቻችን የእጣን ዋጋ የምናውቀው ማስታወቂያው ላይ ከተጻፈው ግምት ነው። የሥራ መሣሪያ ግን የሚያወጣው ሠርቶ የሚያስገባውን ያህል ነው፤ ትራክተር ደግሞ የሚያርሰው መሬት ካላገኘ ምንም አያስገባም።

ከትኬቱ እንጀምር። በአገራችን ሎተሪ በመንግሥት ተቋም ደረጃ የተጀመረው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ብሔራዊ ሎተሪ ሲቋቋም ነው፤ ዛሬም ቶምቦላ የሚያዘጋጅ ሁሉ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ለምሳሌ ያህል አዘጋጁ 30,000 ትኬት በ100 ብር ቢሸጥ 3 ሚሊዮን ብር ይሰበስባል። ትራክተሩ 1.2 ሚሊዮን ብር ከተገመተ አንድ ትኬት በአማካይ የሚመልሰው 40 ብር ነው። ቀሪው 60 ብር ለኅትመት፣ ለማስታወቂያና ቶምቦላው ለተዘጋጀለት ዓላማ ይውላል። ትምህርት ቤት ለማሠራት መዋጮ እንዳዋጣ ቆጥሮ የገዛ ሰው አይጸጸትም። ገንዘብ አተርፋለሁ ብሎ አሥርና ሃያ ትኬት የሚገዛ ሰው ግን ያሳዝነኛል፤ ትኬት ሲበዛ በአማካይ የሚጠፋው ገንዘብም አብሮ ይበዛል።

ከዚያ ግብሩ ይመጣል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከዕድል ጨዋታ በሚገኝ ገቢ ላይ የጣለው ግብር 15 በመቶ ነበር፤ ከ1,000 ብር በታች የሆነውን ብቻ ነፃ አድርጎ። በዚያ ስሌት 1.2 ሚሊዮን ብር የተገመተ ትራክተር 180,000 ብር ግብር ይዞ ይመጣል። እጣው ጥሬ ገንዘብ ቢሆን ከፋዩ ግብሩን ቀንሶ የቀረውን ይሰጥ ነበር፤ ከብረት ላይ ግን 15 በመቶ ቆርጦ ማስቀረት አይቻልም። በደመወዝ የሚተዳደር ሰው ይህን ገንዘብ ተበድሮ ካልከፈለ ንብረቱን ተጣድፎ መሸጥ ይኖርበታል፤ የተጣደፈ ሻጭ ደግሞ ዋጋ አያገኝም። በእኔ እምነት የእቃ እጣ የሚያወጣ አዘጋጅ ግብሩን ከትኬት ሽያጩ ላይ ሊሸፍን፣ ካልሸፈነም ይህንኑ ትኬቱ ላይ በግልጽ ሊጽፍ ይገባል።

በእንግሊዝና በአየርላንድ የአሮጌ ትራክተር ወዳጆች ማኅበራት ለበጎ አድራጎት እንዲህ ያለ እጣ ማውጣት የተለመደ ነው። እዚያ እድሜ ራሱ ዋጋ ይጨምራል፤ ከ1946 እስከ 1956 እ.ኤ.አ. የተመረተውን ግራጫውን ፈርጉሰን አድሰው ለትርዒት የሚያቆሙት ሰብሳቢዎች ናቸው። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ገዢ የለም። በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጨረሻ ገበያ የወጣው ማሴ ፈርጉሰን 135 እዚህ ዋጋ የሚኖረው ሞተሩ ከተነሣና ማረሻውን ከጎተተ ነው።

ታዲያ የት ይጎትታል? ከሐዋሳ ወደ ደቡብና ምሥራቅ ወደ ደጋው ሲወጡ እንሰትና ቡና ነው፤ ማሳው ትንሽ፣ ተዳፋቱ ብዙ፣ ሥራው የእጅ። ትራክተር የሚፈልገው የስምጥ ሸለቆው ሜዳ ነው፤ በሐዋሳ ዙሪያ በቆሎው፣ ወደ ሰሜን በሻሸመኔና በአርሲ ነገሌ ስንዴው። ይህ አካባቢ ትራክተርን የሚያውቀው ደግሞ በበጎ ብቻ አይደለም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን መጨረሻ ትራክተር ከቀረጥ ነፃ ይገባ ስለነበር፣ ለባለመሬቱ ጭሰኛ ከማቆየት በማሽን ማረስ ረከሰለት። ከአርሲ እስከ ሻሸመኔ ብዙ ጭሰኛ ከመሬቱ ተፈናቅሏል። የካቲት 1967 የታወጀው የመሬት አዋጅ ያን ሥርዓት አፈረሰው። መሬቱ ለአራሹ ሲደርስ ግን ማሳው ተበጣጠሰ፤ የዛሬው ባለ ትራክተር የሚገጥመው ችግርም ይኸው ነው።

45 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያለው ትራክተር በተያያዘ መሬት ላይ በቀን ሁለት ሄክታር ያህል ያርሳል፤ ለአንድ ሄክታርም ከ15 እስከ 25 ሊትር ናፍጣ ይፈልጋል። ማሳው ግማሽ ግማሽ ሄክታር ሆኖ ተራርቆ ከተቀመጠ ናፍጣውም ሰዓቱም መንገድ ላይና መታጠፊያ ላይ ያልቃል። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ሲያነሣ ይህ ብክነት ይበልጥ ተሰምቷል።

የእርሻ ወቅቱ 30 የሥራ ቀን ነው ብንል 60 ሄክታር ይታረሳል። ሞተሩ አሥር ቀን ከቆመ የዓመቱ ገቢ ሲሶው ሄደ፤ ዝናቡ አይጠብቅምና። ለዚህ ነው አሮጌ ትራክተር የሚገዛም ሆነ የሚደርሰው ሰው ሊብሬውን ካየ በኋላ ፍሪሲዮኑን፣ ካምቢዮውንና የናፍጣ ፓምፑን በሚያውቅ መካኒክ ማስፈተሽ ያለበት። በ2011 ዓ.ም. የእርሻ መሣሪያ ከቀረጥ ነፃ እንዲገባ መፈቀዱ አዲስ ለሚያስመጣ ሰው እፎይታ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ሲደረግ ግን 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ፤ የአዲሱ ትራክተርም የመለዋወጫውም ዋጋ አብሮ ወጣ። አሮጌውን የያዘ ሰው በአንድ በኩል ንብረቱ ተወዶለታል፣ በሌላ በኩል ጥገናው ከብዶበታል።

ይያዘው ወይስ ይሽጠው? ትራክተሩ ተሽጦ 1.2 ሚሊዮኑ ባንክ ቢገባ በዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ፣ በ7 በመቶ፣ በዓመት 84,000 ብር ያስገኛል። ከናፍጣ፣ ከሹፌርና ከጥገና በኋላ በሄክታር 4,000 ብር ይተርፋል ብለን ብንገምት ይህን የሚያህል ገቢ ለማግኘት 21 ሄክታር ማረስ ይበቃል። እርግጥ ባንክ ያለውን ገንዘብ የዋጋ ንረት ይበላዋል፤ ትራክተሩንም ዝገትና እርጅና ይበላዋል።

21 ሄክታር በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ማሳቸው ግማሽ ሄክታር ከሆነ ግን 42 ገበሬዎች ማለት ነው፤ ያውም ጎን ለጎን የሆኑ። ግብርና ቢሮዎች የሚያበረታቱት የኩታ ገጠም እርሻ ለባለ ትራክተሩ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፦ ገበሬዎቹ አንድ ዓይነት ሰብል በአንድ ጊዜ ሊዘሩ ከተስማሙ ትራክተሩ በድንበር አይቆምም። ባለ እጣው በጥርና በየካቲት ከኅብረት ሥራ ማኅበር ጋር ተነጋግሮ ይህን ያህል መሬት በውል ከያዘ ትራክተሩን ያቆየው። ካልያዘ በዚያው ሰሞን ይሽጠው፤ አራሾች ትራክተር የሚፈላለጉት ዝናቡ ሳይገባ ነው።