ስለ ዐይን መቅላት

ዐይን ኹልጊዜ በአንድ ምክንያት አይቀላም። የምድጃ ጢስ፥ የዐውድማ እብቅና የመንገድ አቧራ ያቀሉታል፤ ይህ ግን በንጹሕ ውኃ ሲታጠቡትና ከጢሱ ሲርቁ በአንድ በኹለት ቀን ይጠፋልና አያስፈራም።

መምህራንና ሽማግሌዎች አብልጠው ሊያስቡበት የሚገባው ትራኮማ የተባለው በሽታ ነው። ከኩሳም ዐይን ወደ ጤነኛው በዝንብ፥ በእጅና በነጠላ ጫፍ ይተላለፋል። ልጅን ደጋግሞ ሲይዘው የዐይኑን ቆብ በውስጥ በኩል ያቈስላል፤ የቍስሉም ጠባሳ ከብዙ ዓመት በኋላ ቆቡን ወደ ውስጥ ይቀለብሰዋል፥ ያን ጊዜ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይፍቃል። እንግዲህ በአያት ላይ የምናየው ዕውርነት የተጀመረው በልጅነቱ ነው። እናቶችም ከሕፃናት ጋራ ስለሚውሉ ይልቁን ይጐዳሉ።

ፀጉሩን በወረንጦ የሚነቅሉትን አንነቅፍም፥ ሕመሙ ከባድ ነውና፤ ነገር ግን ተመልሶ ይበቅላል። በጤና ጣቢያ በትንሽ ቀዶ ጥገና ይስተካከላል። በሽታው ገና ሳይጠና የተገኘ እንደ ኾነ በአዚትሮማይሲን፥ ወይም 6 ሳምንት በቀን 2 ጊዜ በሚቀባ የቴትራሳይክሊን ቅባት ይድናል። የተማሪዎቹ ፊት ጧት ጧት መታጠቡን መምህሩ ይመልከት።

ዐይኑ ቀልቶ እጅግ የሚያመው፥ ብርሃን የሚከብደው፥ ማየት የቀነሰው፥ እሾኽ ወይም ጭራሮ የወጋው ሰው፥ እንዲሁም ከተወለደ 1 ወር ሳይሞላው ኩስ የያዘው ሕፃን በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይወሰድ፤ የቅጠል ጭማቂ አይንጠብበት። ኖራ የተረጨበት ግን ከመንገዱ አስቀድሞ ዐይኑን ገልጦ በብዙ ንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ይታጠብ።