የሙዚቃ ተማሪ ቀኑን በምን ያውለዋል?

«ምን ትማራላችሁ?» ተብለን «ሙዚቃ» ብለን የመለስን እንደ ሆነ፣ ተከትሎ የሚመጣው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «እሱስ ይሁን፤ ሌላስ ምን ትማራላችሁ?» የሕግ ተማሪ እንዲህ አይጠየቅም። የምሕንድስና ተማሪም አይጠየቅም። የኛ ትምህርት ግን በብዙ ሰው ዓይን ከምሳ በኋላ ለመፍታታት የሚደረግ ነገር ነው። ስለዚህ የሙዚቃ ተማሪ ከጧት እስከ ማታ ምን እንደሚሠራ፣ ሲደክመውም በምን እንደሚጫወት፣ በሌላ የትምህርት ክፍል ላሉት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ለመግለጽ አሰብን። ዘመድ አዝማድ ቢያነበውም አንጠላም።

በመጀመሪያ እያንዳንዳችን አንድ ዋና መሣሪያ አለን። አንዱ ቫዮሊን፣ አንዱ ክላርኔት፣ አንዱ ክራር፣ አንዱ ማሲንቆ ይማራል። ፒያኖ ግን ዋና መሣሪያችን ሆነም አልሆነም ከሁላችንም ጋራ አለ፤ ለሙዚቃ ተማሪ እንደ ፊደል ገበታ ነው። ከዚህ ሌላ የሙዚቃ ታሪክ፣ ንድፈ ሐሳብ፣ የኅብረት መዝሙር፣ ሶልፌዥም አለ። ሶልፌዥ ማለት ያልሰሙትን ዜማ ከወረቀት ላይ አይቶ ማዜም፣ የሰሙትን ደግሞ ወደ ወረቀት መመለስ ነው። መምህሩ ፒያኖው ላይ አጭር ዜማ ይመታል፤ እኛ አንገታችንን ደፍተን ኖታውን እንጽፋለን። ሁለተኛ ይመታል፤ የመጀመሪያውን አጥፍተን እንደገና እንጽፋለን። ሦስተኛ ሲመታ አንዳንዱ ጣራውን ያያል።

ከሁሉም የበለጠውን ጊዜ የሚወስደው ግን ልምምድ ነው። ሰው የማይረዳልንም ይህንኑ ነው። ልምምድ ማለት ዘፈን መጫወት አይደለም። የማይገራውን አንድ ቁራጭ ከዘፈኑ ነጥሎ አውጥቶ በዝግታ፣ ከዚያም ፈጠን አድርጎ፣ ከዚያም እንደገና በዝግታ ሠላሳና አርባ ጊዜ መመላለስ ነው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፣ በ2015 ዓ.ም. ያረፉት ታላቋ ፒያኒስት፣ በወጣትነታቸው ካይሮ ሲማሩ ቫዮሊንና ፒያኖውን አንድ ላይ በቀን 9 ሰዓት ያህል ይለማመዱ እንደ ነበር ተናግረዋል። እኛ የዚያን ግማሽ ብንደርስም የጎረቤት ትዕግሥት ቀድሞን ያልቃል። ከመካከላችን አንዱ በተከራየባት ክፍል ውስጥ ቫዮሊኑን ባወጣ ቁጥር ከግድግዳው ማዶ በጫማ ይመታበታል። እርሱም መቺው ምት እንደሚጠብቅና እንደማይጠብቅ ያዳምጣል፤ «ጎበዝ ነው፣ አይፋጠንም» ይለናል።

ስለ ቅዱስ ያሬድ የሚነገረውን ትውፊት የማያውቅ የለም። ትምህርት አልገባ ብሎት ሲሸሽ ከዛፍ ሥር ዐርፎ፣ ትሏ ግንዱን ለመውጣት ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ስትወጣ አየና ተመለሰ ይባላል። በስሙ በተሰየመው ትምህርት ቤት ይህ ታሪክ የዘወትር ቀልዳችን ሆኗል። አንዱ አስቸጋሪ ቁራጭ ሲሰናከልበት የሚሰማው ጓደኛው «ስንተኛህ ነው?» ይለዋል። «አራተኛዬ» ይላል። «እንግዲያው ገና ሁለት መውደቅ ይቀርሃል።»

ስለ ትምህርት ቤቱም ጥቂት እንበል። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከመሩት አንዱ አሸናፊ ከበደ ነበሩ፤ በኋላ በውጭ አገር የሙዚቃ ሊቅ ሆነው ያስተማሩ ሰው ናቸው። ከድርሰቶቻቸው አንዱ «እረኛው ባለዋሽንት» ይባላል። ስሙን ልብ ይሏል፤ ኦርኬስትራ የሚጫወተው ነገር ከእረኛ ተነሣ ማለት ነው። የአውሮፓ መሣሪያ ወደ አገራችን የገባበት መንገድ ግን ሌላ ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ለአፄ ምኒልክ የነሐስ መሣሪያዎች ልከዋል፤ በ1916 ዓ.ም. ደግሞ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። ስለዚህ ኖታ ለኛ የመጣው ከሰልፍና ከመለከት ጋራ ነው። ይህን ያነሣነው ኋላ የምንናገረው ነገር ስላለ ነው።

በኖታ ነገር ሌላም አለ። ከመካከላችን አንዱ በልጅነቱ ድጓ ቤት ገብቶ የወጣ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ያደራጁትን የዜማ ምልክት ያውቃል፤ ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ጭረት፣ ቁርጥ፣ ርክርክ የሚባሉትን። ሶልፌዥ ላይ መምህሩ ሲመታ እርሱ አስቀድሞ በዚያ ምልክት በጥግ በኩል ጣል ጣል ያደርግና በኋላ ወደ አምስቱ መስመር ይገለብጠዋል። ከሁላችንም ቀድሞ ይጨርሳል። ይህ ማጭበርበር ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተቋጨም፤ እኛ በበኩላችን ቅናት ነው ባዮች ነን፤ ምልክቱን ማለታችን ግን አይደለም።

እንግዲህ ወደ ጨዋታችን እንግባ። የሙዚቃ ተማሪ ጆሮ ከትምህርት ቤት ሲወጣ አይዘጋም። ትልቁና ምንም ወጪ የሌለው መዝናኛችን የመንገድ ድምፅ ማዳመጥ ነው። «ቆራሌው!» ባዩ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ ልዋጭ የሚለው ደግሞ የመጨረሻውን ፊደል ሰቅሎ ይተወዋል። ባለፈው ጊዜ የመኪና ጥሩምባ «ፋ ነው»፣ «የለም፣ ሚ ነው» በሚል ክርክር ሁለት ታክሲ አመለጠን። ዳኛው ስልክ ነው፤ ዛሬ የድምፅን ልክ የሚለካ መቃኛ በስልክ ውስጥ አለ፤ ሲስተካከል አረንጓዴ፣ ሲዛነፍ ቀይ ያበራል። የተሸነፈ ሻይ ይጋብዛል።

ሻይ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ተፍኪ ይሻላል። ማሲንቆ የሚማረው ጓደኛችን የተፍኪ ልጅ ነው። እዚያ በጫማ ግድግዳ የሚመታ የለም፤ ሜዳው ሰፊ ነው። ስለዚህ መሣሪያችንን ይዘን በአየር ጤና፣ በዓለም ገና በኩል ወደ ሰበታ እንሄዳለን። ወያላው «ሰበታ! ሰበታ! ሰበታ!» ሲል ከሶል ወደ ሚ ይወርዳል፤ ልጅ እናቱን ከሩቅ ሲጣራ የሚወርዳት ያችው ርቀት ናት። ከሰበታ በጅማ መንገድ አለፍ ሲባል የበቾ ሜዳ ይከፈታል። መረሬ አፈር ነው፤ በክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ የውኃ ወፍም ይሞላበታል። ውኃው ሲሸሽ ገበሬው በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል።

ባጃጅ ቢበዛም ጋሪ አልጠፋም። እኛም ጋሪውን እንመርጣለን፤ ምክንያቱም ከኛ ጨዋታዎች ሁሉ ምርጡ የሚሆነው በጋሪ ላይ ነው። ችክችካ የሚባለውን የኛን ምት የሚያውቅ ያውቀዋል። ስድስት ቆጥረን ለሁለት ብንከፍለው ሦስት ሦስት ይሆናል፤ ለሦስት ብንከፍለው ሁለት ሁለት ይሆናል። ከበሮ ሁለቱንም በአንድነት ይይዛል፤ ለውጭ አገር ሰው የሚያስቸግረውም ይኸው ነው። ፈረሱ ሲያሶመሶም የኮቴው ምት ለሁለት የሚከፈለው ነው። ጨዋታው በዚያ ላይ ለሦስት የሚከፈለውን ሳይስቱ ማጨብጨብ ነው። ባለጋሪው ልጅ ሳይማር ከሁላችንም ይበልጣል፤ ይህንንም ያውቃል፤ ሆን ብሎ ፈረሱን ያፈጥናል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ደረስን። የጓደኛችን አባት፣ እኛ አባባ የምንላቸው፣ ገራርሳ ያውቃሉ። ገራርሳ በኦሮሞ ዘንድ አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ የሚያዜመው፣ ጀግንነትንና የኑሮን ውጣ ውረድ የሚናገርበት ዜማ ነው። አንድ ቅዳሜ ከእራት በኋላ አዜሙልን። እኛም ወረቀት አውጥተን በአምስቱ መስመር ላይ ጻፍነው። ወረቀቱን ጓደኛችን በስልኩ ፒያኖ ነካው። አባባ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙና፣ «ልጆቼ፣ መንገዱ የኔ ነው፤ የሚሄድበት ሰው ግን እንግዳ ነው» አሉ።

ይህ ለምን ሆነ? አንባቢ ጥቂት ቁጥር ቢታገሠን እናስረዳለን። ላ የሚባለው ድምፅ በዓለም ስምምነት በሰከንድ 440 ጊዜ የሚርገበገበው ነው። ከፍ ያለው ላ እጥፉ፣ 880 ነው። ፒያኖ በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ በ12 እኩል ደረጃ ይከፍለዋል፤ እያንዳንዱ ደረጃ ከበታቹ በመቶ 6 ያህል ይበልጣል። ይህ ከየትኛውም ድምፅ ተነሥቶ ለመጫወት ይመቻል። የተፈጥሮ ጆሮ ግን የሚወደው ሌላ ነው። ጆሮ በሦስተኛው ድምፅ ላይ ለስላሳ ሆኖ የሚያገኘው የአምስት ለአራት ልክ፣ ማለት 550 ነው፤ ፒያኖው ግን 554.4 ይሰጣል። በአምስተኛው ድምፅ ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ 660 እና 659.3። ሁለት ክሮች ሊገጥሙ ተቃርበው ሳይገጥሙ ሲቀሩ ድምፁ «ዋ፣ ዋ፣ ዋ» እያለ ይወዛወዛል፤ 440 እና 443 አብረው ቢመቱ በሰከንድ 3 ጊዜ ነው። ባለክራር ሲቃኝ የሚያደምጠው ያንን ውዝዋዜ ነው፤ በሚፈልገው ቦታ ሲያጠፋው ወይም ሲተወው ክራሩ ተቃኘ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ስልኩ ቀይ ያበራል። ስልኩ የሚያውቀው 12ቱን ደረጃ ብቻ ነዋ።

ሁሉም ባለክራር በአንድ ልክ ይቃኛል ማለታችን አይደለም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ የሚባሉት አራቱ ቅኝቶች በወረቀት ላይ ይጻፋሉ፤ ትዝታን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብለን እንማራለን። በተለይ አንቺ ሆዬ ግን ከፒያኖው ቁልፍ ወደ ባለሙያው ጣት ሲሻገር ፊቱ ይለወጣል። የአባባም ገራርሳ ሦስተኛው ድምፅ ከሚ ዝቅ ያለ፣ ከዚያ በታች ካለው ቁልፍ ደግሞ ከፍ ያለ ነበር፤ ስናፋልገው ያረፈው በሁለቱ ቁልፎች መካከል ባለው ስንጥቅ ውስጥ ነው።

ማሲንቆ ግን በዚያ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። አንድ ክር ብቻ ነው፤ ጣት ክሩን ከጎን ይነካዋል እንጂ እንጨት ላይ አይጫነውም፤ ስለዚህ ደረጃ የለውም። ፒያኖ ይጣል አንልም፤ ያለ ፒያኖ የሌላውን ዓለም ሙዚቃ ማንበብ ባልቻልን ነበር። ነገር ግን ዛሬ በዚያ አገር ሠርግ ላይ የሚሰማው ኦርጋንና ሞንታርቦ ነው፤ ረገዳውም በኦርጋን ሆኗል። የተፍኪ ልጅ ሃያ ዓመት ኦርጋን ብቻ ከሰማ የአባባ ድምፅ የተሳሳተ ሊመስለው ይችላል ብለን እንፈራለን። ስለዚህ በኛ አስተያየት ክራርና ማሲንቆ የሚማር ሰው መጀመሪያ በጆሮው ይቃኝ፤ ስልኩን በኋላ ያውጣ።

ጓደኛችን ለመመረቂያው የሚያቀርበው ይህንኑ የአባቱን ገራርሳ በማሲንቆ ነው። ይመጡ አይመጡ እንደ ሆነ ገና አልታወቀም። አባባ ልጃቸው ትምህርቱን ሲጀምር «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ብለው ዓመት ሙሉ ስለ ትምህርቱ አልጠየቁትም ነበር። ቃሉ «ዘመረ» ከሚለው የግዕዝ ቃል እንደመጣ ብንነግራቸውም ብዙ አልረዳን። አንድ ቀን ግን ክሩ ከምን እንደሚሠራ ጠየቁ። የማሲንቆ ክርም የደጋኑም ክር የፈረስ ጭራ ነው፤ ከተማ በገንዘብ ይገዛል። ይህን ሲሰሙ በጣም ተገረሙ፤ «የፈረስ ጭራ ይገዛል?» አሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከጋሪው ፈረስ ጭራ የተበጠረ፣ ታጥቦ የደረቀ፣ በክር የታሰረ ነዶ ሰጡት። የወንድ ፈረስ ነው፤ የሴቷን ጭራ ሽንት ስለሚነካው አይጠነክርም ብለው አስረዱን። የቫዮሊን ደጋን የሚሠሩ ሰዎችም እንዲሁ ይላሉ። ስለ አዝማሪ ያን ቀን አልተነሣም።

አዲሱ ጭራ ብቻውን ድምፅ አይሰጥም፤ ዕጣን ይቀባል፤ አለዚያ ደጋኑ ክሩ ላይ ይንሸራተታል። በክረምት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የማሲንቆው ሣጥን ፊት ቆዳ ነው፤ ቆዳው የበቾን እርጥበት ጠጥቶ ይላላና ድምፁ ይታፈናል። ከበሮም እንዲሁ ይሆናል። መድኃኒቱ ከእሳት ፈንጠር አድርጎ ማሞቅ ነው። በነሐሴ በተፍኪ ቤት ማሲንቆው የሚቃኘው ቡና ከተፈላ በኋላ ነው፤ የጀበናው ከሰል ስለሚያሞቀው። እናትየው ጀበናውን ሲያወርዱ ጓደኛችን ማሲንቆውን በቦታው ያስጠጋል፤ እርሳቸውም «ቆዳው እንዳይቃጠል!» እያሉ ሁለተኛውን ይቀዳሉ።